ማታ መብራት፣ ጠዋት ሞተር፦ መኪናችሁ ውስጥ ለምታድሩ የሁለተኛ ባትሪ አገጣጠም

«ሚኒባሴን መኝታ አሠርቼበታለሁ። ማታ መብራት አበራለሁ፣ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው ‹ቀጭ› ብቻ ይላል። ባትሪው ደግሞ አዲስ ነው። ምን ላድርግ?»

እዚህ ጅማ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቡና ሲለቀም ደግሞ ይብሳል። ወደ ጌራና ወደ ሊሙ የሚወጡ ቡና ገዢዎች መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ። ቤተሰብ ጭነው ወደ ቦንጋ የሚጓዙም አሉ። የሁሉም ችግር አንድ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈው።

ብዙዎች ትልቅ ባትሪ ገዝተው በአሮጌው ቦታ ይተካሉ። ችግሩ ግን አይፈታም። ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ውስጡ ያለው እርሳስ ስስ ነው። የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲቀዳ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ለሞተር አንድ (የፊቱ)፣ ለመኝታው ሌላ (የኋላው) ባትሪ ያስፈልጋል። ስትነዱ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ስትቆሙ ይለያያሉ። ማታ የኋላውን ሙልጭ አድርጋችሁ ብትጨርሱት እንኳ የፊቱ አይነካም።

ከዚህ በታች ያለው ባለ 12 ቮልት ለሆነ መኪና ነው። ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ካላችሁ ይህን እንዳለ አትገልብጡት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለቀስታ ፍጆታ የተሠራ (ለሶላር የሚሸጠው ዓይነት) 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ቢቻል ውሃ የማይጨመርበት ድፍን
- ባለ 16 (ውፍረቱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ገመድ፣ ብዙ ክር ያለውና የሚተጣጠፍ፤ ርዝመቱን ከመኪናችሁ ለኩ
- ባለ 2.5 እና ባለ 4 ገመድ ለመብራትና ለፍሪጅ
- 100 አምፔር የሚችል፣ ሁልጊዜ በርቶ መቆየት የሚችል ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚለይ ማብሪያ)
- ሁለት የ60 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው
- ትንሽ የፊውዝ ሳጥን ከ5፣ ከ10 እና ከ15 አምፔር ፊውዞች ጋር
- ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቢቻል መብራት ያለው
- የመዳብ ተርሚናሎችና መጭመቂያ ፒንሳ
- ገመድ የሚገባበት ፕላስቲክ ቱቦ፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ
- አሮጌ ካለማዳሪያ
- አንግል ብረት፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ
- ትራፓኖ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)

መልቲሜትሩን «ከጎረቤት እዋሳለሁ» ብላችሁ አትተዉት። ርካሹም ቢሆን ይበቃል። ያለ እሱ የሠራችሁት ሥራ መሥራቱን ማወቅ አትችሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፣ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም የለም።

ሁለተኛ፣ የእጅ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ። ቀለበት በፖዘቲቭና በቦዲ መካከል ከገባ በሰከንድ ይግላል፤ ጣት ይጠብሳል።

ሦስተኛው ከባትሪ ጋር አይገናኝም። ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። መኪና ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ውጭ ዝናብ ሲሆን፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ምድጃውን አስገብቶ ቡና ማፍላት ደስ ይላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሞት ነው። ፍሙ ጭሱ ጠፍቶ ቀይ ሲሆን እንኳ ጋዙ ይወጣል። ቡናውን ውጭ አፍሉ። ሞተር አስነስቶ መተኛትም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ማርሚታው ትንሽ ቀዳዳ ካለው ጋዙ ከወለል ወደ ውስጥ ይገባል።

1. ፍጆታችሁን አስሉ

ዕቃው ስንት ዋት እንደሆነ ተመልከቱ፣ በሰዓት አባዙት። የአንድ ሌሊት ምሳሌ፦

ሁለት የ5 ዋት ኤልኢዲ መብራት ለ4 ሰዓት፦ 40
ሦስት ስልክ፣ እያንዳንዱ 15 ገደማ፦ 45
የ60 ዋት ላፕቶፕ ለ2 ሰዓት፦ 120
የ45 ዋት ትንሽ ፍሪጅ፣ ኮምፕረሰሩ በድምሩ 5 ሰዓት ቢሠራ፦ 225

ድምሩ 430 ዋት ሰዓት ነው። ለ12 ስታካፍሉት 36 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የ100 ባትሪ የሚሰጣችሁ 50 ነው ብላችሁ ቁጠሩ። ለዚህ ሰው 100 ይበቃዋል።

ምጣድ፣ ምድጃ እና የውሃ ማፍያ ከሂሳቡ አውጡ። 1,500 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር ዕቃ) ቢሠራ ከባትሪው 125 አምፔር ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድማ ከ3,000 ዋት ይበልጣል። ጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ውጭ አብስሉ።

2. ባትሪውን አስቀምጡና እሰሩ

የ100 ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ፍሬን በኃይል ስትይዙ ያልታሰረ ባትሪ ወደ ፊት ይወረወራል። ከአልጋው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በአንግል ብረት ክፈፍ ሥሩ፣ ከላይ በሌላ ብረት ጫኑት፣ ብሎኑ ወለሉን አልፎ ከሥር በትልቅ ሮንዴላና ዳዶ ይያዝ። ከመብሳታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። የነዳጅ ቱቦና የፍሬን ቱቦ እዚያው ነው የሚያልፈው።

ከባትሪው ሥር የካለማዳሪያ ቁራጭ አንጥፉ። ንዝረቱን ይቀንስለታል። የገጠሩን መንገድ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ባትሪ የሚገድለው አንዱ ነገር ንዝረት ነው።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ከሳጥኑ የላይኛው ጎን ቱቦ አውጥታችሁ ከመኪናው ውጭ ይተንፍስ፤ ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከታች በኩል ደግሞ አየር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑር። ራሳችሁ የምትተኙበት ቦታ ስለሆነ ይህን አትዝለሉት።

3. የፊቱን ባትሪ ማሳ ንቀሉ

መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ማለትም ማሳውን ንቀሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ሾርት ያደርጋል። ማሳው ከተነቀለ ግን ቦዲ ቢነካም ምንም አይሆንም። ስትመልሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፖዘቲቭ ቀድሞ፣ ማሳ መጨረሻ።

4. ዋናውን ገመድ ዘርጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ገመድ ሲቀጥንና ሲረዝም ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል። ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ 4 ሜትር ነው እንበል። መሄጃና መመለሻው 8 ሜትር ነው። ግማሽ ያለቀ ባትሪ ሲሞላ 40 አምፔር ቢስብ፣ በባለ 6 ገመድ ወደ 0.9 ቮልት ይጠፋል። ዲናሞው 14.2 ሰጥቶ የኋላው ባትሪ የሚያየው 13.3 ነው። ቻርጁ ይዘገያል፤ ባጭር ጉዞ ባትሪው ሳይሞላ ትቆማላችሁ። ሁልጊዜ ጎዶሎ የሚሆን የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይነጣና አቅሙን ያጣል። በባለ 16 ገመድ ግን የሚጠፋው 0.35 ቮልት ብቻ ነው፤ ባትሪው እየሞላ አምፔሩ ሲቀንስ ይህም እየጠፋ ይሄዳል። «ባትሪው ስድስት ወር አልቆየም» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ገመድ ቀጭን ሆኖ ነው ያገኘሁት። የገመድ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ገመዱን ሙሉ ለሙሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቡ። ከማርሚታ ራቁ። በድሮው ሃያስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ቅርብ ነው፤ በዚያ በኩል ስታሳልፉ ተጠንቀቁ። ላሜራ የበሳችሁበት ቦታ ሁሉ ጠርዙ ስለት ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ በካለማዳሪያ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ገመዱን አሳልፉ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩት፤ እንዳይወዛወዝ።

በራሴ መኪና ይህን ቸል ብዬ ነበር። ሰኮሩን አልፌ ስወርድ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ። ገመዱ ወለሉ ላይ እየተፈተገ ልባሱ ተልጦ ነበር። ፊውዙ ባይቆርጠው ኖሮ አልጋው ይነድ ነበር።

5. ሁለት ፊውዝ፣ በሁለት ጫፍ

አንዱን ከፊቱ ባትሪ ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ከኋላው ባትሪ ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉ። ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር ባይርቁ ጥሩ ነው። «ለምን ሁለት?» ይሉኛል። ገመዱ መሐል ላይ ቦዲ ቢነካ ኃይል የሚመጣው ከሁለቱም ጫፍ ስለሆነ ነው። የፊቱ ፊውዝ ቢቆርጥ የኋላው ባትሪ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስለዚህ «ይቆርጥብኛል» ብላችሁ ትልቅ አትክተቱ። ከቆረጠ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ፈልጉ።

ፊውዞቹን አሁን አትክተቱ። መያዣውን ብቻ ግጠሙ።

6. ሪሌውን ግጠሙ

ሪሌው ሁለት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ተርሚናል አለው። ከፊት ባትሪ የሚመጣው ወፍራም ገመድ አንዱ ትልቅ ላይ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሌላው ትልቅ ላይ ይታሰር።

ከትንንሾቹ አንዱ ወደ ማሳ ይሂድ። ሁለተኛው ኃይል የሚቀበልበት ነው። ይህን ኃይል ከራዲዮ መስመር ውሰዱ፣ በ5 አምፔር ፊውዝ አሳልፉ፣ ከዚያ ክሩስኮት ላይ ወደ ተገጠመው ማብሪያ፣ ከማብሪያው ወደ ሪሌው።

የራዲዮ መስመር ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሞተር ስታስነሱ ራዲዮው ለአፍታ እንደሚጠፋ አስተውላችኋል? በአብዛኛው መኪና ያ መስመር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ይቋረጣል። ስለዚህ ማብሪያውን ማጥፋት ብትረሱ እንኳ ሪሌው ራሱ ይለቃል። ሞተሪኖው ከኋላው ባትሪ ለመሳብ ቢሞክር የ60ው ፊውዝ ይበጠሳል። ቁልፉን ስትነቅሉም ራዲዮው ይጠፋል፤ ሪሌውም አብሮ ይጠፋል። በእናንተ መኪና መስመሩ እንዲህ መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጡ። ዋናው የራዲዮ ሶኬት ላይ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ሌላ ሽቦም አለ፤ ያ ሰዓቱን የሚያቆየው ነው፣ እሱን አትንኩ።

ቮልት እያየ ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሪሌ ካገኛችሁ ማብሪያውም አያስፈልግም። ሞተር ተነስቶ ቮልቱ 13.3 አካባቢ ሲደርስ ያገናኛል፣ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያል። ከተገኘ እሱን ግዙ።

7. ማሳውን አጽዱ

ከኋላው ባትሪ ነጌቲቭ ወደ ቦዲ የሚሄደው ገመድም ባለ 16 ይሁን፣ አጭር ይሁን። የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፤ ነጭ ብረት እስኪታይ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከታሰረ በኋላ ግሪስ ቀቡት። የጅማ ዝናብ የተፋቀ ብረትን ቶሎ ነው የሚያዝገው።

8. የመኝታውን መስመር አውጡ

ከኋላው ባትሪ ወደ ትንሹ የፊውዝ ሳጥን ገመድ አምጡ፤ ይህም ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ለመብራት ባለ 2.5 ገመድና 5 አምፔር፣ ለስልክ ቻርጅ ባለ 2.5 እና 10 አምፔር፣ ለፍሪጅ ባለ 4 እና 15 አምፔር። ለእያንዳንዱ ለየብቻ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ሌሊት ብልሽት መፈለግም ይቀላል።

የፍሪጁን ገመድ ማቅጠን አያዋጣም። ቮልት ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ይነሳና ይቆማል፣ ይነሳና ይቆማል። ሰዎች «ፍሪጁ ተበላሸ» ብለው ያመጡልኛል።

9. አገናኙና ለኩ

የኋላውን ባትሪ አገናኙ፣ ፖዘቲቭ ቀድሞ። የፊቱን ማሳ መልሱ። ማብሪያው እንደጠፋ ፊውዞቹን ክተቱ። አሁን መልቲሜትሩን ያዙ።

ሞተር ሳይነሳ፦ ያረፈና ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ነው። 11.9 ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ሞተር ሲነሳ፣ ማብሪያው እንደጠፋ፦ የፊቱ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። የኋላው አይንቀሳቀስ። ከተንቀሳቀሰ ሪሌው በተሳሳተ መንገድ ተገናኝቷል።

ማብሪያውን ስታበሩ፦ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የኋላውም ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት በላይ ከሆነ የላላ ተርሚናል ወይም ያልተፋቀ ማሳ አለ። ተርሚናሎቹን በእጅ ንኩ። የሞቀው እሱ ነው ችግሩ።

10. ግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩበት

ጌራ ጫካ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ደጅ ሞክሩት። የምትጠቀሙትን ሁሉ ማታ አብሩ። ጠዋት ሁለቱንም ለኩ። የፊቱ እንደ ማታው፣ የኋላው ከ12.2 ያልወረደ ከሆነ ተሳክቷል። ከዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ቀን ንዱትና እያንዳንዱን ዳዶ እንደገና አጥብቁ። ሁልጊዜ አንድ የሚላላ አይጠፋም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

የሞተሪኖ ሶሌኖይድን እንደ ሪሌ መጠቀም። ርካሽ ስለሆነ ይመርጡታል። የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ሲቆይ ይግላል፣ ይጣበቃል። ከተጣበቀ ሁለቱ ባትሪዎች ሌሊት አብረው ያልቃሉ፣ እናንተም ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

አጭር ጉዞ ባትሪ ይሞላል ብሎ ማሰብ። ጅማ እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ነድታችሁ 36 አምፔር ሰዓት አይመለስም፤ የእርሳስ ባትሪ መጨረሻው ላይ በጣም በቀስታ ነው የሚሞላው። እስከ አዲስ አበባ ከነዳችሁ ግን በደንብ ይሞላል። አጭር የምትመላለሱ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ውስጥ በቻርጀር ሙሉት። ሶላር ጣሪያ ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን እዚህ ደመናው ስለሚበዛ በእሱ ብቻ አትመኩ።

በኋላው ባትሪ ሞተር ለማስነሳት መሞከር። ፊውዙ ይቃጠላል። የፊቱ ከደከመ ቁልፉን ራዲዮ የሚሠራበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ ማብሪያውን አብሩ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የኋላው ለፊቱ ትንሽ ያካፍለዋል። ከዚያ ማብሪያውን አጥፉና አስነሱ። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሊቲየም ባትሪ ገዝቶ በዚሁ መንገድ ማገናኘት። ሊቲየም ያለ ገደብ ስለሚስብ ዲናሞውን ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። በመካከል የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል።

ለባትሪው የሃይላንድ ውሃ መጨመር። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን አለው፣ እርሳሱን ይጎዳል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። አሲድም አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል

ባትሪው ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ በወር አንድ ጊዜ የውሃውን ልክ እዩ። ወደ ጊቤ ቆላ የምትመላለሱ በየሁለት ሳምንቱ እዩት፤ ሙቀት ውሃውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ተርሚናል ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ማሳውን ነቅላችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ግሪስ ቀቡ። ሲታጠብ ሶዳው ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቁ።

መኪናው ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ የኋላውን ባትሪ ሙሉ አድርጋችሁ ማሳውን ንቀሉት። ፍሪጅና ቻርጀር ጠፍተውም ቢሆን ጥቂት ይስባሉ። በስድስት ሳምንት አንዴ ለኩት፤ ከ12.4 ከወረደ እንደገና ሙሉት።